ካሜራው ያጣደፈው አልበም፦ የኬሊ ኦስቦርን «ሻት አፕ»

የኬሊ ኦስቦርን የመጀመሪያ አልበም «ሻት አፕ» ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 2002 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፋኟ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት ያን ጊዜ ገና አንድ ወሯ ነበር። ይሁን እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠር የቴሌቪዥን ተመልካች አስቀድሞ ያውቃታል፤ ከወንድሟ ጋር በምን እንደምትጣላ፣ ስትናደድ ምን እንደምትናገር፣ እናቷን ስትለማመጥ ድምፅዋ እንዴት እንደሚለሰልስ ሁሉ ለይቶታል። «ዝም በል» የሚል ትርጉም ያለው የአልበሙ ርዕስም ይህችኑ ምላሰኛ ልጃገረድ ለመሸጥ የተመረጠ መሆኑ አያጠራጥርም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፤ አልበሙ ደካማ ነው። ደካማ የሆነው ግን በዚያን ጊዜ በብዙዎች ዘንድ እንደተባለው የታዋቂ ሰው ልጅ ስለሆነች ወይም ድምፅ ስለሌላት አይደለም። አንድ ጀማሪ ዘፋኝ ማንም ሳይሰማው የሚያጠፋበት፣ የሚያርምበትና የራሱን መንገድ የሚፈልግበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ለኬሊ አድማጩን በገፍ ያመጣላት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይህንን ጊዜ ነጠቃት። የአልበሙ ጉድለቶች በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ፤ ጥቂት መልካም ጎኖቹም ቢሆኑ ይህን ጥድፊያ ባመለጡባቸው ቦታዎች ላይ የሚገኙ ናቸው።

የኬሊን ቤተሰብ የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳየው «ዘ ኦስቦርንስ» የተሰኘው ተከታታይ ፕሮግራም ኤምቲቪ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው በማርች 2002 ነበር። ካሜራው የገባበት ቤት ቤቨርሊ ሂልስ የሚገኝ ሲሆን፣ አባወራው በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ የተመሠረተው የብላክ ሳባት የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊ የነበረው ኦዚ ኦስቦርን ነው። በ1982 መድረክ ላይ የሌሊት ወፍ አንገት በጥርሱ የነከሰ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩበት የሄቪ ሜታል ሰው፣ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል አልታዘዝ ብሎት ሲቸገርና የቤቱ ውሾች ምንጣፍ ላይ ያደረጉትን ሲራገም መታየቱ ተመልካቹን አሳቀው፤ ቤተሰቡንም አስወደደው። ፕሮግራሙ ኤምቲቪ እስከዚያ ጊዜ ካሳያቸው ተከታታይ ዝግጅቶች ሁሉ የበለጠ ተመልካች አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመ። እናትየው ሻረን ኦስቦርን የባሏ ሥራ አስኪያጅ የነበረች ስትሆን፣ ኦዝፌስት የተባለውን ተዘዋዋሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል በ1996 ያቋቋመች፣ ገበያ መቼ እንደሚሞቅና መቼ እንደሚቀዘቅዝ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ አልበም ማውጣቷ የሚያስገርም አልነበረም። የሚያስገርመው ፍጥነቱ ነው፤ ፕሮግራሙ መታየት ከጀመረ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ሲዲው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ የፕሮግራሙ ሁለተኛ ምዕራፍ መታየት የጀመረውም በዚያው በኖቬምበር ወር ነው።

መንገዱን የከፈተው ነጠላ ዜማ ግን የራሷ ዘፈን አልነበረም። «ፓፓ ዶንት ፕሪች» ማዶና በ1986 አውጥታው በአሜሪካም በእንግሊዝም የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣ ዘፈን ነው። ኬሊ ይህን ዘፈን ከኢንኩበስ የሮክ ቡድን ሁለት አባላት፣ ማለትም ከጊታሪስቱ ማይክ አይንዚገርና ከድራመሩ ሆሴ ፓሲያስ ጋር ቀዳችው፤ በጁን 2002 በኤምቲቪ የፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት መድረክ ላይ ዘፈነችው፤ በሴፕቴምበር ወር ደግሞ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ።

በዚህ ዘፈን ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከአልበሙ ጋር ተያይዘው ከወጡት ሥራዎች መካከል ከሁሉም የበለጠ የታሰበበት እሱ ነው። የማዶና ቅጂ የሚከፈተው በክላሲካል አኳኋን በተቀነባበሩ ባለ አውታር መሣሪያዎች ነው፤ ያረገዘችው ልጃገረድ ለአባቷ የምታቀርበው ልመና ገና ከመነሻው ከባድ ጉዳይ መሆኑን እነዚያ መሣሪያዎች ያውጃሉ። በኬሊ ቅጂ ውስጥ ያ ግርማ ሞገስ የለም። ቦታውን የወሰደው ወፈር ያለ የሮክ ጊታር ነው፤ ከሥሩ ያለው ድራም ደግሞ የዳንሱን ምት ትቶ ወደፊት የሚያጣድፍ ነው። ኬሊ ስንኞቹን አታለሳልሳቸውም። ማዶና በልመናና በእልህ መካከል እየተመላለሰች የዘፈነችውን ኬሊ በእልህ ብቻ ትዘፍነዋለች፤ አዝማቹ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ከዜማው ይልቅ ወደ ጩኸት ያደላል፤ ከፍ ያሉት ኖታዎች ላይም ትንሽ ዝቅ ብላ ታርፋለች። በሌላ ዘፋኝ ላይ ይህ ጉድለት በሆነ ነበር። እዚህ ግን የሚሰማው አባቷ ፊት ቆማ በሩን ለመዝጋት የተዘጋጀች ልጅ ነው።

ከዚህም በላይ አድማጩ አባትየውን ያውቀዋል። ዘፈኑ ስብከትህን ተው ብሎ የሚለምነው አባት በሕይወቱ ዘመን ለመስበክ የመጨረሻው ብቁ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ ፕሮግራሙን የተከታተለ ሁሉ ያው ሰው ልጆቹ ለመዝናናት ሲወጡ ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ በሚንተባተብ አንደበቱ ሲመክራቸው፣ የራሱንም ሕይወት ማስጠንቀቂያ አድርጎ ሲጠቅስ አይቷል። በመሆኑም አንድም ቃል ሳይለወጥ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ። ይህን የመሰለ መረጣ ያደረገው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በአልበሙ ላይ ያሉት አዳዲስ ዘፈኖች ይህን ያህል ታስቦባቸው ቢሆን ኖሮ የዚህ ግምገማ ቃና ሌላ በሆነ ነበር።

አልበሙ አሥራ አንድ አዳዲስ ዘፈኖችን ይዟል፤ «ፓፓ ዶንት ፕሪች» በአንዳንድ እትሞች ላይ በተጨማሪነት ተካቷል። አብዛኞቹ ዘፈኖች ሦስት ደቂቃ አካባቢ የሚፈጁ ናቸው። አወቃቀራቸውም ተመሳሳይ ነው፤ በታፈነ ጊታር የሚጀምር ስንኝ፣ ድራሙ እየከበደ የሚሄድበት መሸጋገሪያ፣ ከዚያም ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳበት አዝማች። «ዲስኮኔክትድ»፣ «ካም ዲግ ሚ አውት» እና «ኮንትራዲክሽን» በተከታታይ ሲሰሙ የመጀመሪያው ያነቃል፣ ሁለተኛው ያስደስታል፣ ሦስተኛው ላይ ግን አድማጭ አዝማቹ በየትኛው ሰከንድ ላይ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ መገመት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ ዘፈኖች ይህን ግምት አያፈርሱም።

የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ሪክ ዌክ ነው። ዌክ ከቴይለር ዴይንና ከሴሊን ዲዮን ጋር የሠራ፣ ትላልቅ ድምፆችን በንጹሕ ቅንብር አጅቦ ማቅረብ የሚያውቅበት ባለሙያ ነው። የፓንክ ሮክ ባሕርይ ግን ከዚህ ጋር አይገጥምም። ፓንክ ጥርት ያለ ድምፅን አይፈልግም፤ ስሕተትን ይታገሣል፤ እንዲያውም በስሕተት ይኖራል። በ«ሻት አፕ» ላይ ጊታሮቹ ጠርዛቸው ተሞርዶ፣ ድራሙ ያለ አንዳች መንገዳገድ ተስተካክሎ፣ የኬሊ ድምፅ በየአዝማቹ ተደራርቦ ተቀድቶ ቀርቧል። ቁጣ አለ ይባላል፤ ቁጣው ግን ክፍሉ ተጠርጎ እንግዳ እስኪመጣ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ቅንብሩ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ሆኖባታል፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ስፌቱም አይነቀፍም፣ ትከሻው ላይ ግን አልተቀመጠላትም።

ድምፅዋን በተመለከተ በወቅቱ የተሰነዘረው ትችት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ኬሊ የድምፅ ስፋት የላትም፤ ረጅም ትንፋሽም የላትም። ያላት ሻከር ያለ፣ በአፍንጫ በኩል ጥቂት የሚያልፍ፣ ከንግግር ብዙም ያልራቀ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘው መልካም ሥራ የሠሩ የሮክ ዘፋኞች ቁጥር ስፍር የለውም፤ አባቷም ቢሆን በድምፅ ስፋት ተመስግኖ አያውቅም፤ ገና ሲጀምር በሚታወቅ ድምፅ ነው የተመሰገነው። የኬሊ ድምፅም ይታወቃል። ሬዲዮ ላይ ድንገት ቢሰማ እሷ መሆኗን ለመለየት ሁለት ስንኝ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ በፖፕ ሙዚቃ ቀላል ሀብት አይደለም። በርዕሱ ዘፈን «ሻት አፕ» ላይ ይህ ሀብት በደንብ ሠርቶላታል። ዘፈኑ ወሬ ማቆም ያቃተውን ሰው የሚያፋጥጥ ፈጣን ዘፈን ሲሆን፣ ኬሊ ቃላቱን ዜማ ሳታበዛባቸው እየተፋች ትሄዳለች። በቴሌቪዥን የምናውቃት ልጅ በአልበሙ ላይ ሙሉ በሙሉ የምትገኝበት ዘፈን እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ ወደ ግጥሙ ሲመጣ ይከብዳል። የቴሌቪዥኗ ኬሊ ተናጋሪ ናት፤ ንግግሯ ሁልጊዜ የሚያርፈው በተጨባጭ ነገር ላይ ነው፤ እገሌ ይህን አደረገ፣ ያ ልብስ አስቀያሚ ነው፣ እናቴ ቀጠሮ ያዘችብኝ፣ ወንድሜ ያላየውን አየሁ ይላል። ያስቃታል፣ ያስቆጣታል፣ ከዚያም ያልፋል። የአልበሟ ኬሊ ግን ስለ አንድም ተጨባጭ ነገር አትናገርም። ተቀብሬያለሁና ቆፍራችሁ አውጡኝ ትላለች፤ ምን እንደቀበራት አይታወቅም። እኔ ከራሴ ጋር የምጋጭ ሰው ነኝ ትላለች፤ የትኛው ጠባይዋ ከየትኛው እንደሚጋጭ አትነግረንም። እየሸሸች ነው፤ ከማን እንደምትሸሽ ግን አናውቅም። ማንኛዋም በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ራሷን እንድታገኝበት ተብሎ የተጻፈ ግጥም በመጨረሻ ማንም የማይገኝበት ግጥም ይሆናል። ኬሊ በግጥሞቹ ላይ ከባለሙያ ደራሲዎች ጋር ተሳትፋለች፤ ሆኖም ከእሷ አፍ ብቻ ሊወጣ የሚችል መስመር መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው።

ይህ የበለጠ የሚያስቆጨው ያ ዓመት በእሷ ቤት ውስጥ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ስለምናውቅ ነው። በጁላይ 2002 እናቷ የአንጀት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ፤ ሕክምናውም የቤተሰቡም ድንጋጤ በፕሮግራሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ታየ። እናቷን ላጣ ነው ብላ የምትፈራ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ቤቷ በካሜራ ባለሙያዎች ተሞልቶ፣ በዚያው ወራት ስቱዲዮ ገብታ ትዘፍናለች። በሌላ ዘፋኝ ሕይወት ውስጥ ከዚህ አሥር ዘፈን በወጣ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ከፍቅር ጋር የቀረበው ለስለስ ያለ ዘፈን «ሞር ዛን ላይፍ ኢትሰልፍ» ነው፤ ወደ መጨረሻው የሚገኝ ሲሆን ጊታሮቹ ጋብ ስለሚሉ ድምፅዋ ለብቻው ይሰማል፤ ይንቀጠቀጣልም። ቅን ዘፈን ነው። ነገር ግን እሱም ቢሆን ፍቅሩን በትላልቅ ቃላት ይናገረዋል እንጂ አንድም ትንሽ ነገር አያሳየንም። ካሜራው ያየውን አልበሙ አላየውም። ሐዘኗንና ፍርሃቷን ቀድሞ የወሰደው ቴሌቪዥኑ ነበርና ለዘፈን የተረፈው ፍርፋሪ ብቻ ነው።

የሙዚቃ ኩባንያ ያላት፣ ፕሮዲዩሰር የተቀጠረላትና ባለሙያ ደራሲዎች የተመደቡላት ወጣት ዘፋኝ ሁሉ እንዲህ ያለ አልበም ታወጣለች ማለት አይደለም። በዚያው በ2002፣ በጁን ወር፣ «ሌት ጎ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው ካናዳዊቷ አቭሪል ላቪን ከኬሊ በዕድሜ የምትበልጠው በአንድ ወር ብቻ ነው። እሷም ከተቀጠሩ ደራሲዎች ጋር ሠርታለች፤ እሷም ጊታር ተሸክማ በፖፕ ገበያ ላይ የቀረበች ልጅ ናት። ልዩነቱ ላቪን ከኩባንያዋ ጋር ከተፈራረመች በኋላ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ ረዘም ያለ ጊዜ አግኝታለች፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከአንድ ደራሲ ወደ ሌላ ደራሲ እየተዘዋወረች የሚስማማትን ድምፅ ፈልጋለች፤ ያልሆነላትንም ጥላለች፤ ይህን ስታደርግ የሚያያት ካሜራ አልነበረም። የኬሊ አልበም የተሰራው የፕሮግራሙ ሙቀት ሳይበርድ መውጣት ስላለበት ነው። ውሳኔው ከንግድ አንጻር ስሕተት አይደለም፤ ከሙዚቃ አንጻር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ የተለቀመ ፍሬ ምን እንደሚመስል እናያለን።

ስለ ቤተሰብ ስም የሚነሳውን ክርክር ባልፈው ደስ ይለኛል፤ ሆኖም ጥቂት ቃል ያስፈልገዋል። ኬሊ ውል የፈረመችበት የሙዚቃ ኩባንያ ኢፒክ የአባቷንም አልበሞች የሚያወጣ ነበር። በሩ የተከፈተላት በስሟ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እሷም ብትሆን የምትክድ አይመስለኝም። በሙዚቃ ዓለም በወላጅ ስም በር የተከፈተለት ልጅ ብዙ ነው፤ አድማጭ የሚጠይቀው በሩን ካለፈ በኋላ ምን ይዞ እንደመጣ ነው። በዚህ ረገድ የኬሊ ታላቅ እህት ኤሚ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። ኤሚ በፕሮግራሙ ላይ አልቀረጽም ብላ ከቤት ወጣች፤ ዓለም በሙሉ የኦስቦርን ቤተሰብ ልጆች ሁለት ብቻ እስኪመስሉት ድረስ ተደብቃ ኖረች፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም «ኤ አር ኦ» በሚል ስም ጸጥታና ጨለማ የበዛበት ሙዚቃ ይዛ ብቅ አለች። የሸጠችው ከእህቷ ያነሰ ነው። ስለ ሙዚቃዋ የሚነጋገር ሰው ግን ስለ ሙዚቃዋ ነው የሚነጋገረው። ከኬሊ በኋላ በ2005 በተጀመረው የትግለኛው ሃልክ ሆጋን የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ የታየችው ልጁ ብሩክ ሆጋንም በ2006 አልበም አውጥታ በዚሁ መንገድ ሄዳለች፤ የእሷ ድምፅ ከኬሊ ይልቅ የሠለጠነ ነው፣ አልበሟ ግን ከኬሊ ይልቅ ቶሎ ይረሳል።

«ሻት አፕ» በአሜሪካ በቢልቦርድ 200 የአልበሞች ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 101ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ያን ያህል ተመልካች የነበራት ልጅ ከመቶ ውጭ መቅረቷ ለመዝናናት ማየትና ገንዘብ ከፍሎ መግዛት የተለያዩ መሆናቸውን ለኩባንያው አሳየው፤ በ2003 ኢፒክና ኬሊ ተለያዩ። አልበሙ ግን በዚህ አላበቃም። ሳንክቹዋሪ የተባለ ኩባንያ በዚያው ዓመት አንድ አዲስ ዘፈን ጨምሮበት፣ ርዕሱንም በዚያው ዘፈን ስም «ቼንጅስ» ብሎ ለውጦ እንደገና አሳተመው። ይህች አንድ ዘፈን ከአሥራ አንዱ ትበልጣለች።

«ቼንጅስ» የብላክ ሳባት ዘፈን ነው፤ በ1972 በወጣው አራተኛ አልበማቸው ላይ ይገኛል። ከባድ ጊታር የሚጠበቅበት ቡድን ጊታሩን አስቀምጦ በፒያኖ ላይ ተመሥርቶ ያቀረበው፣ የቡድኑ ድራመር ቢል ዋርድ ከትዳሩ ሲለያይ የደረሰበትን ሐዘን መነሻ አድርጎ የተጻፈ የመለያየት ዘፈን ነው። ለኬሊና ለኦዚ ግጥሙ ተስተካከለ፤ ከባልና ሚስት መለያየት ወደ አባትና ልጅ መለያየት፣ ማለትም ልጅ አድጋ ከቤት ወደምትወጣበት ቀን ተዛወረ። ኦዚ ይጀምራል፤ ኬሊ ትመልስለታለች። የሁለቱን ድምፅ አጠገብ ለአጠገብ ሲሰሙት መመሳሰሉ ያስደንቃል፤ አናባቢውን በአፍንጫ በኩል የሚጎትቱበት መንገድ፣ የስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን አለዝቦ ከማሳረፍ ይልቅ ድንገት የሚለቁበት ልማድ፣ ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ ሁለቱም በጉልበት የሚደርሱበት ሁኔታ አንድ ነው። በ«ሻት አፕ» ዘፈኖች ውስጥ ተደራርቦ በመቀዳት የተሸፈነው የኬሊ ድምፅ እዚህ ምንም ሽፋን የለውም። ለመጮህ ምክንያት ስለሌላት አትጮህም፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። የምታናግረው ሰው ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። ግጥሙ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በትላልቅ ቃላት የተሞላ ቢሆንም ልዩነቱ ማን ለማን እንደሚናገር መታወቁ ነው፤ ይህ ብቻውን ከአልበሙ የጎደለውን አብዛኛውን ነገር ይሞላል።

አንዳንድ ሐያሲዎች ዘፈኑ ከልክ በላይ ስሜት የሚጠመዝዝ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ ትንሽ እውነት አለበት፤ በተለይ ቅንብሩ ወደ መጨረሻው ሲያብጥ የመጀመሪያው ቅጂ የነበረው ቁጥብነት ይጠፋል። ይሁንና በዲሴምበር 2003 የሆነውን ያስታወሰ ሰው ዘፈኑን በዚያ መንገድ ብቻ ሊሰማው ይቸግረዋል። ኦዚ በወሩ በስምንተኛው ቀን እንግሊዝ አገር በሚገኘው መኖሪያው ግቢ ውስጥ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል ሲነዳ ተገልብጦ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም ዘፈኑ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዘፈነባት አገር አንደኛ የሆነ ነጠላ ዜማ ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አባትና ሴት ልጅ አብረው በዘፈኑት ዘፈን በእንግሊዝ አንደኛ ሲወጡም ከፍራንክና ከናንሲ ሲናትራ የ1967 ዘፈን በኋላ ሁለተኛዎቹ ናቸው። ኦዚ በጁላይ 2025፣ በትውልድ ከተማው የስንብት ኮንሰርቱን ባቀረበ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ካረፈ ወዲህ ዘፈኑን ለሚሰማ ሰው ደግሞ የመጨረሻው አዝማች ክብደት ጨምሯል፤ ይህ ግን የዘፈኑ ብቃት ሳይሆን ጊዜ የጨመረበት ነገር ነውና በአልበሙ ሒሳብ ላይ አልደምረውም።

ኬሊ ሌላ ዕድል ስታገኝ ምን ልትሠራ ትችል እንደነበር በ2005 የወጣው ሁለተኛ አልበሟ «ስሊፒንግ ኢን ዘ ናቲንግ» በከፊል ይመልሳል። ፕሮዲዩሰሯና የግጥምና ዜማ አጋሯ ሊንዳ ፔሪ ነበረች፤ ፔሪ ድምፁ ፍጹም ካልሆነ ዘፋኝ ውስጥ ጠባዩን ማውጣት የምታውቅ ባለሙያ ናት። ጊታሩ ቀረ፤ በምትኩ በ1980ዎቹ የሚታወቀው የሲንተሳይዘር ድምፅ መጣ፤ ኬሊም ጩኸቱን ትታ ዝቅ ባለ፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ዘፈነች። «ዋን ወርድ» የተባለው ነጠላ ዜማ የሌላ ቡድን የቆየ ዘፈን ይመስላል ተብሎ ቢተችም በእንግሊዝ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብቷል፤ እኔም ከ«ሻት አፕ» ማንኛውም ዘፈን አስቀድመዋለሁ። በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለፈው ሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ ልጅቷ ያው ናት፣ ድምፁም ያው ነው።

እንግዲህ መግዛት ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው ምክር ይህ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረውን የፖፕ ፓንክ ድምፅ የሚወድ፣ ለዘፈን ግጥም ብዙም የማይጨነቅ፣ መኪና ሲነዳ የሚጮህ ጊታር የሚፈልግ አድማጭ ከአልበሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ደስታ ያገኛል፤ «ካም ዲግ ሚ አውት» እና የርዕሱ ዘፈን አያሳፍሩትም። ሲዲውን ገና የሚገዛ ሰው ሁለቱንም እትሞች ካገኘ የ2003ቱን ይምረጥ። «ቼንጅስ» ያለው እዚያ ላይ ነው። የ2002ቱን አስቀድሞ የያዘ ግን ለአንድ ዘፈን ብሎ ሁለተኛ ሲዲ መግዛት አያስፈልገውም፤ ነጠላ ዜማውን ለብቻው ማግኘት ስለሚቻል እሱን ጨምሮ «ፓፓ ዶንት ፕሪች»ን ቢያስከትልበት፣ የቀረውንም ቢዘል፣ ከአልበሙ የሚያመልጠው ብዙ ነገር የለም።